ያቺን ጀልባ ለጨረታ አታውጧት፤ የበሰበሰው ውስጧ ብቻ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጅማ ነው። ጉዳዬ አንዲት አሮጌ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ናት። አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ፣ አጥር ሥር፣ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀባት ዓመታት አስቆጥራለች። ሰሞኑን ደግሞ ከአገልግሎት ውጪ ሆነው ከሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር ውስጥ ገባች አሉ፤ ካለቀ ጎማ፣ ከተሰበረ ወንበርና ከማይሠራ ፎቶ ኮፒ ማሽን ጋር። እኔ ይቺ ጀልባ ትጠገናለች ነው የምለው። እዚሁ ጅማ፣ በራሳችን ባለሙያዎች እጅ ትጠገናለች። ለምን እንደምል ቦታ ሰጥታችሁኝ ላስረዳ።

መሥሪያ ቤቱን በስም አልጠራም። ሰው ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። የሚመለከታቸው ሰዎች ሲያነቡት ያውቁታል፣ በቂ ነው።

"ጅማ ደግሞ ጀልባ ምን ያደርግላታል?" የሚል አይጠፋም። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ ሰርቦን፣ ከዚያም አሰንዳቦን አልፋችሁ ወደ ደነባ ስትቃረቡ በዚያ አካባቢ ያለው ሰፊ ውኃ የግልገል ግቤ ግድብ ነው። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁላችንም ያወራነው ስለ 184 ሜጋ ዋቱ ነበር። ውኃው ግን ከመብራት ሌላ ዓሣም ይዞ መጣ። ዛሬ ከቀርሳ፣ ከኦሞ ናዳ፣ ከጢሮ አፈታና ከሰኮሩ ወረዳ ስንቱ ወጣት ቆሮሶ እያሰገረ ቤት ያስተዳድራል። ማታ መረብ ይጥላሉ፣ ንጋት ላይ ያነሣሉ። የሚወጡባት ታንኳ ግን ጠባብ ናት። ሁለት ሰው በአንድ ወገን ጎንበስ ሲል ታጋድላለች። ነፋስ ሲነሣ ደግሞ መቅዘፊያ ብቻ ይዞ ወደ ዳር መመለስ ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል። ዓሣውም ፀሐይ ላይ ብዙ ከቆየ ይበላሻል፤ ገበያ ሳይደርስ ዋጋው ይወርዳል።

እኔ በወጣትነቴ ምጽዋ ላይ፣ በቀድሞው ባሕር ኃይል የጀልባ ጥገና ክፍል ነበርኩ። ፋይበር (በማጣበቂያ የሚጠነክር የመስታወት ክር ጨርቅ) መለጠፍ፣ ሞተር ማውረድ፣ የበሰበሰ ውስጥ ከፍቶ መሙላት የተማርኩት እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ጅማ የመኪና ቦዲና የፋይበር ታንከር ስጠግን ኖሬያለሁ። ስለዚህ የምናገረው በሩቁ አይቼ አይደለም።

ጀልባዋ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ትረዝማለች። ወለሏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ነው። መሪው፣ ጌጁና የቁልፉ ቦታ መሐል ላይ በቆመች ሳጥን ላይ ነው ያሉት፤ የሚነዳው ሰው እዚያው ቆሞ ይነዳል። ሰው በግራም በቀኝም በሳጥኗ ዙሪያ እንደ ልቡ ይዞራል። ይሄ ዓይነት ጀልባ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ጠረፍ፣ በተለይ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ዓሣ ለማጥመድ ተብሎ የተስፋፋ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዓሣው የያዘውን ገመድ እየጎተተ በጀልባው ዙሪያ ሲሮጥ አስጋሪውም ተከትሎት መዞር አለበት። ጣሪያና ክፍል ያለው ጀልባ ለዚህ አይመችም። እኛ ደግሞ መረብ ነው የምንጎትተው። መረብ ለሚጎትት ሰውም ከዚህ የተሻለ ወለል የለም፤ ከፊትም፣ ከኋላም፣ በየትኛውም ጎን መሳብ ይቻላል። ግቤ ላይ ቢሠራ ኖሮ የሚሠራው ይሄው ነበር።

በኃላፊው ፈቃድ ገብቼ ዞሬ አየኋት። በመዶሻ እጀታ ሰውነቷን አንኳኳሁ። ግንባሯና ጎኖቿ ጥርት ያለ ድምፅ ነው የሚሰጡት። ወደ ኋላ፣ ሞተሩ ወደሚሰቀልበት ግድግዳ ስደርስ ድምፁ ታፈነ። ሞተሩን ከታች ይዤ ወደ ላይ ገፋ ሳደርገው ግድግዳው አብሮት ተነቃነቀ። አንድ የላላ ብሎን ነቀልኩና ቀዳዳውን ከውስጥ በኩል በቀጭን መሰርሰሪያ ጠለቅ አድርጌ በሳሁት። መጀመሪያ ቡናማ ውኃ ወረደ፤ ለረጅም ጊዜ ተጠራቅሞ የቆየ፣ የሚሸት ውኃ። ቀጥሎ የወጣው እንጨት የቡና አተላ ነው የሚመስለው። ጥቁር፣ እርጥብ፣ በጣት ሲያሹት የሚፈርስ። ወለሉም ከመሪው ሳጥን ኋላ ስቆምበት ይረግባል።

ይሄን ያየ ሰው "በቃ፣ አልቆላታል" ይላል። እኔ የምለየው እዚህ ጋ ነው። እንደ እሷ ያሉ የቆዩ ጀልባዎች ብዙዎቹ የውጭ አካላቸው ፋይበር ነው፣ ውስጣቸው ግን እንጨት አለበት። የኋላው ግድግዳ በሁለት የፋይበር ሽፋኖች መካከል የተቀበረ ወፍራም ፕላይውድ ነው። ከወለሉ ሥር ደግሞ ርዝመቷን ይዘው የሚሄዱ ወራጆች አሉ፤ እነሱም ፋይበር የለበሱ እንጨቶች ናቸው። ወለሉ ራሱ ፕላይውድ ነው። በወራጆቹ መካከል ጀልባዋ እንዳትሰምጥ ተብሎ ፎም ተሞልቷል። ፋይበሩ ራሱ አይበሰብስም። በትክክል የተሠራ የፋይበር ቅርፊት አርባ ዓመት አልፎትም ጠንካራ ሆኖ ይገኛል። የሚሞተው እንጨቱ ነው፤ እሱም የሚሞተው ውኃ መግቢያ ሲያገኝ ነው።

መግቢያው ደግሞ ሁልጊዜ ትንሽ ነገር ነው። አንድ ሰው መሰላል ለመግጠም፣ ወይም የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ ለማሰር ኋላዋን ይበሳና ብሎኑን ያለ ማሸጊያ ያስገባዋል። ከዚያች ቀዳዳ የገባው ውኃ መውጫ የለውም። እንጨት እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አይበሰብስም፤ እዚያ ውስጥ ተዘግቶ ሲርስ ግን ፈንገሱ ይሠራል። የባሕር ጨው ይሄን ፈንገስ ያዳክመዋል። የዝናብ ውኃ ግን ይመቸዋል። ስለዚህ ምጽዋ ባሕር ላይ ከምትሠራ ጀልባ ይልቅ ጅማ ዝናብ ላይ የቆመች ጀልባ ቶሎ ትበሰብሳለች።

የኛን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። የጀልባዋ ክፍት ወለል ወደ አሥር ካሬ ሜትር ይጠጋል። አስሉት፤ በዓመት 15 ሺህ ሊትር ውኃ ይወርድባታል ማለት ነው። ማፍሰሻ ቀዳዳዋ በቅጠል ተደፍኗል። ግንባሯ ወደ ታች አዘንብሎ ነው የተቀመጠችው፣ ስለዚህ ቀዳዳው ባይደፈን እንኳ ውኃው ወደ ኋላ አይሄድም። ውኃ ላይ ሳትወርድ፣ አንድ ዓሣ ሳታወጣ፣ በቆመችበት ነው የተጎዳችው። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

አሁን የምፈራው ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው ጨረታው ነው። ማን ይገዛታል? ቆራሌው የሚፈልገው የሞተሩን አሉሚኒየም፣ የሽቦውን መዳብና ብረታ ብረቱን ነው። ፋይበር አቅልጠው ሌላ ነገር አይሠሩበትም። ሥጋዋን ወስደው ቅርፊቷን አንዱ ጥግ ይጥሉታል፣ ወይም ያቃጥሉታል። ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ደግሞ ለሰፈር የሚሆን ጭስ አይደለም። ገንዘብ ያለው መሥሪያ ቤት ነገ ጀልባ ያስፈልገኛል ሲል ከውጭ በዶላር ነው የሚገዛው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር በብር ሲመነዘር ምን ያህል እንደሚያህል ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ሁለተኛው ከመጀመሪያውም የባሰ ነው። አንድ የሚቆረቆር ሰው ተነሥቶ "እናድሳት" ይልና ስቱኮ ተለቅልቆ፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታ፣ ሞተሯ ተነሥቶ ለምርቃት ግቤ ላይ ትወርዳለች። ታምራለች፣ ፎቶም ይነሡባታል። ከዚያ አንድ ቀን ሰው ጭና፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይል እየገፋ፣ የበሰበሰው የኋላ ግድግዳ ይለቃል። የሞተር ክብደትና ግፊት በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። እሱ ከተቀደደ ውኃ የሚገባው በባልዲ በሚቀዳ መጠን አይደለም። ስለዚህ ከውስጥ ካልተሠራች አትቀባ። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ፤ "ውስብስብ ነው፣ እኛ አንችለውም" የሚለውን አባባል ስለማልቀበለው ነው።

መጀመሪያ ጣሪያ ሥር ትገባለች። ከዚያ ሆዷ በየቦታው በእኩል ደረጃ ተደግፎ በውኃ ልክ ትስተካከላለች። ይሄን ዘሎ ወለል የሚቆርጥ ሰው ጀልባዋን ያበላሻታል፤ ወለሉና ወራጆቹ ሲወጡ ቅርፊቱ ይላላል፣ በተጣመመበት ሁኔታ አዲሱ እንጨት ከተለጠፈ ደግሞ ለዘላለም ተጣማ ትቀራለች። ውኃ ላይ በቀጥታ አትሄድም። ስለዚህ ድጋፉ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ቢጠፋ አይቆጨኝም።

ቀጥሎ የመሪው ሳጥን ይነሣል። ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱ ሽቦና ገመድ በስልክ ፎቶ ይነሣ፣ ምልክትም ይደረግበት። ወለሉ በግራይንደር ዳር ዳሩን ይቆረጣል፤ ከጎኖቹ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጠርዝ ይተዋል፣ አዲሱ ወለል የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና። ከዚያ እርጥቡ ፎም ተቆፍሮ ይወጣል። ይሄ ነው አሰልቺው ሥራ። ፎሙ ውኃ ጠጥቶ ስለሚከብድ ስንት መቶ ኪሎ ይዛ እንደኖረች ሲወጣ ነው የሚታወቀው። የፋይበር አቧራ ሳንባ ይጎዳል፤ ጭምብል፣ መነጽርና ረጅም እጅጌ የሌለው ሰው ወደ ሥራው አይጠጋ። በጨርቅ ማስክ የሚሠሩ ልጆችን ጋራዥ ውስጥ ሳይ ልቤ ያዝናል።

የኋላው ግድግዳ ከውስጥ ነው የሚከፈተው። የውስጡ ሽፋን ተቆርጦ ይነሣል፣ የበሰበሰው እንጨት እስከ ጥጉ ተፍቆ ይወጣል፣ የውጭው ሽፋን ግን ሳይነካ ይቀራል። እሱ ነው ቅርጿ። አዲሱ እንጨት ሁለት 19 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ እርስ በርሱ ተጣብቆ 38 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ብዙ የሞተር መስቀያዎች የሚጠብቁት ውፍረትም ይሄው ነው። በሞርሳ እኩል ተጨብጦ ይደርቃል። ከዚያ የውስጥ ማዕዘኖቹ በወፈረ ማጣበቂያ ክብ ተደርገው ይሞላሉ፣ ፋይበሩ በደረብ በደረብ ከግድግዳው ወደ ሆዷና ወደ ጎኖቿ ይተላለፋል። የሚለጠፍበት ቦታ መጀመሪያ እስኪሻክር ይፋቃል። የተሰነጠቀ የፋይበር ቦታ ሲጠገን ደግሞ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን አዘንብሎ መፋቅ ያስፈልጋል። እንደ ገደል ቀጥ ባለ ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ፋይበር አይይዝም።

ማጣበቂያውን በተመለከተ ብዙ ሰው በዋጋው ምክንያት ፖሊስተር ሬዚን ይመርጣል። ለአዲስ ሥራ ፖሊስተር ጥሩ ነው። አሮጌ የደረቀ ፋይበር ላይና እንጨት ላይ ለመያዝ ግን ኢፖክሲ ይበልጠዋል። ለኋላ ግድግዳና ለወራጆቹ ኢፖክሲ ይሁን እላለሁ፤ ብር ከተቆጠበ ሌላ ቦታ ይቆጠብ። ሁለቱ አጠቃቀማቸው የተለያየ ነው። ፖሊስተር ላይ ማድረቂያው ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ነው፣ እንደ አየሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይደረጋል። ኢፖክሲ ላይ ግን አምራቹ በጻፈው ልክ ነው፣ በቃ። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማድረቂያ የጨመረ ሰው መቼም የማይጠነክር ነገር ነው የሚያገኘው። በአንድ ጊዜም ብዙ አይበጠበጥ። በባልዲ ሙሉ የተበጠበጠ ኢፖክሲ ራሱን አሙቆ ይጨሳል፣ ባልዲውንም ያቀልጠዋል። ጀማሪ በትንሽ በትንሹ ይሥራ።

ፕላይውዱ ገበያ ላይ ሲገዛ አንድ ቁራጭ ተቆርጦ ውኃ ውስጥ ለሰዓታት ይቀቀል። ንጣፎቹ ከተላቀቁ ሙጫው ውኃ አይችልም፤ ለቁም ሣጥን ይሁን እንጂ ለጀልባ አይሁን። ዋንዛ እንጠቀም የሚል ሐሳብ ሰምቻለሁ። ዋንዛን እወደዋለሁ፣ ለበርጩማና ለአልጋ የሚያህለው የለም። ነገር ግን ጠርብ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ በዚያ እንቅስቃሴ ፋይበሩ ይለቀዋል። ፕላይውድ ንጣፎቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ አይነቃነቅም።

እዚህ ላይ ስለ ጅማ አናጺ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚፈልጥ፣ ዓይኑ የሚለካ ሰው ባለበት ከተማ ውስጥ የጀልባ ወራጅ የሚቆርጥ ጠፋ ቢባል አላምንም። ሥራው በካርቶን ልክ አውጥቶ፣ በልኩ መቁረጥ፣ ጠርዙን ማለስለስ ነው። ሄርማታ አካባቢ ካሉት ወጣት አናጺዎች ሁለቱን አሳይቼያቸው ነበር። ሳልጨርስ ነው የገባቸው። አንደኛው "ጋሼ፣ ልኩን ብቻ ያሳዩን፣ ሌላውን ለእኛ ይተዉት" አለኝ። ፋይበሩን ደግሞ ታንከርና ባጃጅ ቦዲ የሚጠግኑት ልጆች ይሠሩታል። እጃቸው ለምዶታል፤ የሚጎድላቸው ሥነ ሥርዓቱን የሚያሳያቸው ሰው ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች አሉት። የመመረቂያ ሥራ ፈልገው የሚዞሩ ስንት አሉ። ከነሱ ውስጥ ጥቂቱ የክብደትና የተንሳፋፊነት ሒሳቧን ቢሠሩ ምን አለበት?

የፎሙም ነገር እንደዚያው በሒሳብ ነው። ዝግ ሴል ያለው ፎም ነው የሚሞላው፣ ውኃ የማይጠጣ። አንድ ሜትር ኩብ ፎም ወደ 950 ኪሎ ይሸከማል። ጀልባዋ ውኃ ሞልቶባትም እንኳ እንዳትሰምጥ የሚያደርጋት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ቦስተን ዌለር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስሙን ያስጠራው በዚህ ነበር፤ ጀልባቸውን መሐል ለመሐል በመጋዝ ቆርጠው ግማሹም እንደሚንሳፈፍ ለሕዝብ አሳዩ። ፎም ሲሞላ ግን ከሥር የውኃ መሄጃ ቦይ ይተውለት። እሱ ከተደፈነ የገባ ውኃ ይቀመጣል፣ ያው ታሪክ እንደገና ይጀምራል።

ወለሏ ሥር የተቀበረ የአሉሚኒየም ቤንዚን ታንክ አላት። እርጥብ ፎም ውስጥ የኖረ አሉሚኒየም በነጥብ በነጥብ ይበላል። እኔ ብጠየቅ ጨርሶ አውጥቼ እጥለዋለሁ። ለፍሎሪዳ ባሕር ነበር ያን ያህል ነዳጅ የሚያስፈልጋት። ለግቤ ሁለት ባለ 25 ሊትር ተንቀሳቃሽ ታንክ ይበቃል። ከወለል በላይ ሲሆን ፍሳሹም ይታያል፣ የቤንዚን ትነትም ወለል ሥር አይጠራቀምም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ታች ገብቶ ተኝቶ አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው የሚጠብቀው። አሮጌውን ታንክ ለመበየድ ያሰበ ካለ እባካችሁ አስቁሙት። ባዶ የሚመስል የቤንዚን ታንክ ሰው ይገድላል።

ሽቦው በሙሉ ይቀየር። አሮጌ ሽቦ ውጪው ደህና ሆኖ ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። የውኃ ማውጫ ፓምፑ ከነተንሳፋፊ ማብሪያው በራሱ ፊውዝ በኩል በቀጥታ ከባትሪው ይያያዝ፤ ቁልፉ ተዘግቶ ሰው ቤቱ ተኝቶም ቢሆን ውኃ ሲገባ ይነሣ።

ሞተሩ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። "ድሮ ትልቅ ሞተር ነበራት፣ ትልቅ እንግዛላት" ይላሉ። አያስፈልግም። የግቤ ውኃ በሚሞላበት ጊዜ ከባሕር ጠለል በላይ 1,670 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ሦስት በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ባለ 40 ፈረስ ጉልበቱ እዚህ ከ33 እስከ 34 ገደማ ነው የሚሰጠው። መፍትሔው ትልቅ ሞተር መግዛት አይደለም፤ የፕሮፔለሩን ርምጃ፣ ማለትም በአንድ ዙር የሚገፋውን ርቀት፣ ዝቅ ማድረግ ነው፣ ሞተሩ የሚፈልገውን ዙር እንዲያገኝ። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ደግሞ ጂግለሩ (ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ) በጠበበ ይቀየር፤ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። 40 ፈረስ ለዚህች ጀልባ መረብ፣ ዓሣና ጥቂት ሰው ይዛ ለመሄድ ይበቃታል። ቀላል ሞተር ለኋላ ግድግዳዋም እረፍት ነው። በዚያ ላይ ውኃው በበጋ በብዙ ሜትር ይወርዳል፣ ድሮ የሰመጡ ዛፎች ጉቶ ይቀርባል። እዚያ ላይ የሚሮጥ ሰው ፕሮፔለር ብቻ አይደለም የሚያጣው። የማቀዝቀዣ ውኃ የምትገፋዋ ጎማ፣ የማርሽ ሣጥኑ ዘይት፣ የነዳጅ ፊልትሮ በየጊዜው ይቀየሩ። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፣ ግን ሞተር የሚሞተው በነሱ ነው።

ወጪው ስንት ነው ለሚል፣ እንጨቱና ጉልበቱ እዚሁ በብር ነው። ከውጭ የሚመጣው ሬዚኑ፣ የፋይበሩ ጨርቅ፣ ፎሙና ሞተሩ ነው። አሮጌው ሞተር ተፈትሾ ከተነሣ ደግሞ ትልቁ ወጪ ይቀንሳል። ጊዜውን በተመለከተ ክረምት ላይ አይሞከርም። ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፣ እርጥብ እንጨት ላይ ኢፖክሲ መለጠፍ ችግሩን መቅበር ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ለዚህ ነው የሚሆነው። በበጋ ተከፍታ ትድረቅ፣ በበጋ ትሠራ።

ከተጠገነች በኋላ ለማን ትሁን? የእኔ ሐሳብ ለአስጋሪ ማኅበራቱ በጋራ ነው። የበረዶ ሣጥን ወለሏ ላይ አስቀምጣ ንጋት ላይ ከየታንኳው ዓሣ ትሰብስብ፣ ነፋስ ላይ የቀረውንም ትፈልግ። የወረዳ ባለሙያም መረብ ለመቆጣጠር ሲወጣ ይጠቀምባት። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ስንት ዓመቱ፤ ዳር ላይ ቆሞ ግን ውኃ መሐል የተጣለ የመረብ ዓይን አይለካም። ይሄ ሁሉ ሥራ ለአንዲት ጀልባ አይበዛባትም። አሥር ወጣት ነፋስ ላይ እያለ አንድ ሞተር ያለው ጀልባ መኖሩና አለመኖሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። እናቶች ዳር ቆመው ሲጠብቁ አይቻለሁ። ይሄን ያየ ሰው "ቆሻሻ ናት፣ ትወገድ" ብሎ አይፈርምም።

ስለዚህ የሚመለከታችሁን በአክብሮት የምጠይቀው ይሄን ነው። ከጨረታው ዝርዝር አውጧት። ንብረት አወጋገዱ መመሪያ ካለው መመሪያው ጥገናን ይከለክላል ብዬ አላስብም፤ ከማስወገድ በፊት ባለሙያ ይየው ማለት ደግሞ ጤነኛ አሠራር ነው። ባለሙያ ይምጣና ያንኳኳ፣ ይብሳ፣ ይጻፍ። ቅርፊቷ አይሆንም ካለ እኔም አልከራከርም።

በጀት እስኪገኝ ድረስ ያለ ገንዘብ የሚሠራ ሥራም አለ፣ በዚህ ሳምንት። የማፍሰሻ ቡሹ ይነቀል፣ ቅጠሉ ይጠረግ። ግንባሯ ሥር ጉማጅ እንጨት ገብቶ ከፍ ትበል፣ ውኃው ወደ ኋላ ሄዶ ይውጣ። ሞተሩ ወርዶ መጋዘን ይግባ። ላይዋ ላይ ሸራ ይወጠር፣ ግን ሸራው እንዳያፍናት ከመሐል በእንጨት ተደግፎ አየር ያስገባ፤ የታፈነ ሸራ ከዝናቡ አይተናነስም። ጥበቃው ወንድማችን ይሄን ለመሥራት ፈቃደኛ ነው፣ አነጋግሬዋለሁ። የሚቀረው "እሺ" የሚል አንድ ደብዳቤ ነው።

እኔ ያለ ክፍያ አሠራለሁ። ግራይንደር፣ ሞርሳና የመሰርሰሪያ ዕቃ አለኝ። ልጆቹንም አውቃቸዋለሁ። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የሚፈልገኝ ካለ ስጡት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጅማ ነዋሪ፣ የቀድሞ የባሕር ኃይል የጀልባ ጥገና ባለሙያ